ጣፋጭ ሻጩ መናኝ፦ አባ መቃርስ እስክንድራዊ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቅዱሳን አበውን ጾምና ተጋድሎ ስንሰማ ብዙዎቻችን እነርሱ ከተፈጥሯቸው የምግብ ፍላጎት ያልነበራቸው፣ ጣፋጭም የማይጥማቸው ሰዎች ይመስሉናል። የአባ መቃርስ እስክንድራዊ ሕይወት ግን ይህን አሳብ ያፈርሳል። ይህ አባት ከመመንኮሱ በፊት መተዳደሪያው ጣፋጭ መሸጥ ነበር። ጣዕም ምን እንደሆነ፣ ሰው በምላሱ እንዴት እንደሚሸነፍ ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በቤተ ክርስቲያን መቃርስ በሚለው ስም የሚታወቁ ሦስት አባቶች አሉ። የመጀመሪያው የአስቄጥስ ገዳም አባት ታላቁ መቃርስ ሲሆን፣ ሦስተኛው ኤጲስ ቆጶስ የነበረው መቃርስ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚናገረው ስለ ሁለተኛው፣ በትውልድ ከተማው ስም እስክንድራዊ ተብሎ ስለሚጠራው ነው። ታሪኩን በስፋት የጻፈልን ጳላድዮስ ሲሆን፣ እርሱም በቅዱሱ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት በዚያው በረሃ አብሮት የኖረና በዓይኑ ያየው ነው።

ከገበያ ወደ በረሃ

መቃርስ በእስክንድርያ ከተማ ደረቅ ፍሬና ጣፋጭ እየሸጠ ይኖር ነበር። ስኳር እንደ ዛሬው በየቤቱ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ጣፋጭ ማለት ማርና ተምር፣ ዘቢብና የመሳሰለው ነበር። እስከ 40 ዓመቱ ገደማ በዚህ ሁኔታ ከቆየ በኋላ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተባበረ፤ ንግዱንም ትቶ ወደ ግብፅ በረሃ ወጣ። መኖሪያው በዋናነት ሴልያ በሚባለው የመናንያን ስፍራ ሲሆን፣ በዚያም በቅስና አገልግሏል። ከሴልያ ሌላ በአስቄጥስ፣ በኒጥርያና በሊብያ በረሃ በዓቶች ነበሩት። ከበዓቶቹ አንዳንዶቹ መስኮት የሌላቸው ሲሆኑ በዐቢይ ጾም በጨለማ ይቀመጥባቸው ነበር። አንዱ እግሩን መዘርጋት እስከማይችል ድረስ የጠበበ ነበር፤ ሰፋ ያለውን ደግሞ እንግዶች ይቀበልበት ነበር። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ከተጋድሎው ብዛት የተነሣ ጢሙ እጅግ የሳሳ እንደነበረም ተጽፏል።

ጠባብ አፍ ያለው ገንቦ

አባ መቃርስ ከሌሎች አባቶች ስለሚሰማው መልካም ሥራ ሁሉ መንፈሳዊ ቅንዓት ያድርበት ነበር። የጠባንሴ መነኮሳት በዐቢይ ጾም እሳት ያልነካው ምግብ እንደሚበሉ በሰማ ጊዜ እርሱም ለሰባት ዓመታት እሳት የነካውን ምግብ ሁሉ ተወ። ማዕዱም ያልበሰለ ቅጠላ ቅጠል፣ ሲገኝም በውኃ የራሰ ጥራጥሬ ብቻ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሌላ መናኝ ኅብስትን በሚዛን እየለካ እንደሚበላ ሰማ። ይህን ጊዜ አባ መቃርስ ያደረገው ነገር ብልሃት የሞላበት ነው። ደረቅ ኅብስቱን ቆራርሶ አፉ ጠባብ በሆነ ገንቦ ውስጥ ጨመረውና እጁ በአንድ ጊዜ የሚያወጣለትን ያህል ብቻ ሊበላ ወሰነ። በኋላም ይህን ለወንድሞች ሲያጫውታቸው እየቀለደ ነበር። እጁን አስገብቶ ብዙ ቁራሽ ይጨብጣል፤ ነገር ግን የጨበጠውን ይዞ መውጣት አይችልም። የገንቦው አፍ በር ላይ እንደ ቆመ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኖ ይከለክለዋልና። በዚህ ሥርዓት ሦስት ዓመት ሲኖር የዕለት ምግቡ ከ110 እስከ 140 ግራም የሚሆን ኅብስትና ያንኑ የሚያህል ውኃ ነበር። የዓመቱ ዘይትም ከግማሽ ሊትር ብዙ አይበልጥም ነበር።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አባ መቃርስ በማዕድ ሰዓት በረኀበ ሆዱ ፊት ቆሞ ስንት ልብላ እያለ አልተከራከረም። ውሳኔውን አስቀድሞ፣ ልቡ በጸናበት ሰዓት ወስኖ ለገንቦው አስረከበው። ፈቃደ ሥጋ ክርክር በተከፈተለት ጊዜ ሁሉ ማሸነፊያ ምክንያት እንደማያጣ ያውቅ ነበርና።

የወይኑ ዘለላ

በአንድ ወቅት አባ መቃርስ ወይን የመብላት ምኞት አደረበት። ወዲያውም አዲስ የተቆረጠ መልካም የወይን ዘለላ ተላከለት። በበረሃ ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው፤ ያውም የተመኘው ነገር። እርሱ ግን ሳይቀምስ ከእርሱ ይልቅ ለታመመው ወንድም ላከለት። ያም ወንድም ደስ ብሎት ተቀበለና እኔም አልበላውም ብሎ ለጎረቤቱ ሰደደው። እንዲህ እያለ ዘለላው በብዙ በዓቶች ዞሮ አንድ ፍሬ ሳይጎድልበት ወደ አባ መቃርስ ተመለሰ። ቅዱሱም የወንድሞችን ፍቅርና መታገሥ አይቶ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ እርሱም አልበላውም።

ምኞቱን ለማሸነፍ ወይኑን ወደ በረሃ አልጣለውም፤ ክፉ ነው ብሎም አልሰደበውም። የእግዚአብሔር ፍጥረት መልካም ነውና። የተመኘውን ነገር የሚሻል ስፍራ ሰጠው፤ ጣዕሙን ወደ ፍቅር ለወጠው።

በጠባንሴ የተማረውና ያስተማረው

ስለ ጠባንሴ መነኮሳት ትሩፋት የሰማው አባ መቃርስ ልብሱን ለውጦ፣ የቀን ሠራተኛ መስሎ 15 ቀን በበረሃ ተጉዞ ወደ አባ ጳኩሚስ ደረሰ። አባ ጳኩሚስም ማንነቱን አላወቀምና ዕድሜህ ለዚህ ተጋድሎ ገፍቷል ብሎ መለሰው። እርሱ ግን እየጾመ በደጅ ሰባት ቀን ከጠበቀ በኋላ ተቀበሉት። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ከመነኮሳቱ አንዳንዶቹ እስከ ማታ፣ ሌሎቹ ሁለት ቀን፣ ሌሎችም አምስት ቀን ሲጾሙ አየ። እርሱም የዘንባባ ቅጠል እየጎነጎነ በአንድ ጥግ ቆመ፤ እስከ ፋሲካም ኅብስት ሳይበላ፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ ሳይቀመጥ ቆየ። በእሑድ ቀን ብቻ ጥቂት የጎመን ቅጠል ይቀምስ ነበር፤ ይህንም ያደረገው የሚበላ ለመምሰልና ከትዕቢት ለመጠበቅ ነው።

መነኮሳቱ ግን ይህን አይተው አጉረመረሙ። አባ ጳኩሚስም ጸልዮ ማንነቱ በተገለጠለት ጊዜ ልጆቹ በተጋድሏቸው እንዳይታበዩ ስላደረጋቸው አመሰገነውና፣ ወደ ስፍራው ተመልሶ እንዲጸልይላቸው ለመነው። የአንዱ ጽናት ለሌላው ሸክም ሊሆን እንደሚችል ቅዱሳን ሁለቱም ያውቁ ነበር። አባ መቃርስ ራሱ እንቅልፍን ድል ለማድረግ 20 ቀን ከጣራ በታች ሳይገባ ከቆየ በኋላ፣ አእምሮው ሊጎዳ መሆኑን ሲያውቅ ለሰውነቱ የሚገባውን ዕረፍት ሰጥቶታል። ተጋድሎ ማለት ሥጋን መግደል ሳይሆን ሥጋን መግራት ነውና።

በእርጅናም ያላረፈ ጦርነት

የአርዮስ ተከታይ የነበረው ሉክዮስ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ በ373 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በንጉሡ በዋሌንስ ኃይል የእስክንድርያን መንበር በያዘ ጊዜ፣ አባ መቃርስ ስለ ቀናች ሃይማኖት ከታላቁ መቃርስ ጋር ወደ አንዲት ደሴት ተሰደደ። በኋላም ወደ በረሃው ተመለሰ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የእርጅናው ነገር ነው። ዕድሜው ወደ መቶ ተጠግቶ፣ ጥርሱ ረግፎ ሳለ ጳላድዮስ አንድ ቀን በበዓቱ ደጅ ተቀምጦ አዳመጠው። ሽማግሌው ከራሱና ከሰይጣን ጋር ይዋጋ ነበር። ዘይቱን አገኘህ፣ ወይን ጠጁንም ቀመስህ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረህ እያለ ሽበታም ሆዳም ሲል ራሱን ይገሥጽ ነበር። ሰይጣንንም ከእኔ ዘንድ የምታገኘው የለም ብሎ ያሳፍረው ነበር። እንዲህ ሲጋደል ኖሮ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሰላም ዐረፈ።

ከሕይወቱ ምን እንማራለን?

የተወደዳችሁ ምእመናን! ዛሬ የእስክንድርያው ጣፋጭ ሻጭ ሱቅ ወደየቤታችን ገብቷል። ብስኩቱ፣ ከረሜላው፣ ቸኮሌቱ፣ ለስላሳው መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ በእጃችን ነው። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ከማዕዳችን ሲነሡ የጾም ኬክና የጾም ብስኩት በቦታቸው ይተካሉ። እነዚህን መቅመስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የምግቡ ዓይነት ተለውጦ ፈቃዳችን እንደ ወትሮው የሚነግሥ ከሆነ፣ ጥሉላት ጾመ እንጂ ምላሳችን አልጾመም።

የአባ መቃርስን የምግብ ልክ እንድንከተል ቤተ ክርስቲያን አታዝዘንም፤ ገንቦውን ግን ሁላችንም ልንሠራው እንችላለን። ጣፋጩን ከነካርቶኑ ፊታችን ከማስቀመጥ በትንሽ ሳህን ለክቶ ማቅረብ፣ ከማዕድ ሰዓት ውጭ በየመሐሉ መቀማመስን መተው፣ የሻዩን ስኳር በየጊዜው በጥቂቱ መቀነስ፣ በቤት ውስጥ ያልገባ ነገር እንደማይፈትን አውቆ ገበያ ላይ መወሰን፤ ይህ ሁሉ የዘመናችን ጠባብ ገንቦ ነው። የወይኑንም ዘለላ እናስብ፦ ለጣፋጭ የምናወጣውን ገንዘብ ለነዳያን ብንሰጥ ምኞታችን ምጽዋት ይሆናል። ልጆቻችንንም ከማባበያ ከረሜላ ይልቅ በማካፈል ደስታ እናሳድጋቸው። ስኳር በሽታም ሆነ ሌላ ሕመም ያለበት የሐኪሙን ምክር ይከተል፤ ሁሉም ጾሙን ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

አንዴ የተሸነፈ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ወደ መቶ ዓመት የተጠጋው ቅዱስ እንኳ ጦርነቱ አላበቃለትምና፣ የእኛ ውድቀት የመጋደል መጨረሻ አይደለም። ነገም በዚያው ገንቦ አጠገብ እንቀመጥ።

የአባታችን የአባ መቃርስ እስክንድራዊ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።