መዲ ዋተርስ

ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ የዋለ ሰው የገበያተኛውን፣ የግመሉንና የመኪናውን ጫጫታ ያውቀዋል። ተማሪዎች ሆይ፣ በዚያ መሐል አንድ ሰው ተቀምጦ ክራር ቢመታ ድምፁ ከስንት እርምጃ ይሰማል ትላላችሁ? ባቲ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ የሚጠራላት ከተማ ናት፤ ገበያዋ ግን ለክራር አይመችም። ከዚህ ቀጥሎ ታሪኩን የምታነቡለት ጥቁር አሜሪካዊ የጊታር ተጫዋችም የገጠመው ችግር ይኸው ነበር።

መኪንሊ ሞርጋንፊልድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ሚሲሲፒ በተባለው ግዛት ተወለደ። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው አያቱ ናት። ጭቃ ማቡካት ይወድ ስለነበር መዲ፣ ማለትም ጭቃማው፣ ተባለ፤ ዋተርስ የሚለው በኋላ ተጨመረለት። ያደገው ጥጥ እየለቀመ ነው። በኋላ ዘመኑ ሲያወሳ እንደኖረው፣ ፈረሱን በ15 ዶላር ሸጦ ግማሹን ለአያቱ ሰጠ፤ ከቀረው ላይ በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ጊታር ገዛ።

በ1941 አለን ሎማክስ የተባለ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ እርሻው ድረስ ሄዶ ድምፁን ቀዳ። ወጣቱ የራሱን ዘፈን ከሸክላ ላይ ሲሰማ ከታወቁት ዘፋኞች እንደማያንስ ተገነዘበ። በ1943 እርሻውን ትቶ በባቡር ወደ ቺካጎ ሄደ።

እዚያ ቀን በፋብሪካ እየሠራና የጭነት መኪና እየነዳ፣ ማታ በመጠጥ ቤቶች ይጫወት ጀመር። ነገር ግን የእንጨት ጊታሩን የጠጪው ሁካታ ዋጠው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። በዚህ መሣሪያ ከክሮቹ ሥር የተቀመጠው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል የብረቱን ክር ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ማጉያውም ያጎላዋል። የተለወጠው የድምፁ ጉልበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ይሰማ የነበረው የጣት እንቅጥቃጤ ከአዳራሹ ጥግ ተሰማ። ዜማው ግን ያው የገጠሩ ብሉዝ ነበር። በ1948 ያስቀረጸው ሸክላ ቺካጎ ውስጥ ወዲያው ተሸጦ አለቀ፤ ገዢዎቹም በአብዛኛው እንደ እሱ ከደቡብ የፈለሱ ሠራተኞች ነበሩ። በ1950 የዘፈነው አንድ ዘፈን ደግሞ ከ12 ዓመት በኋላ ሮሊንግ ስቶንስ ለተባለው የእንግሊዝ ጓድ መጠሪያ ሆነ።

የእንግሊዝ ነገር ያስቃል። በ1958 ወደዚያ ሲሻገር ለስላሳውን የገጠር ጊታር የጠበቁ አድማጮች በድምፁ ኃይል ደነገጡ። በ1963 ተመልሶ ሲሄድ፣ ይደሰቱ ብሎ የእንጨቱን ጊታር ይዞ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ግን ወጣቶቹ የኤሌክትሪኩን ናፍቀው ስለነበር ቅር አላቸው። መዲም ወደ ኤሌክትሪኩ ተመለሰ፤ በ1983፣ በ70 ዓመቱ አረፈ።