ዕውቀቱ በተማሪዎቹ የተረፈለት ሰው
(የዮሐን ኔፖሙክ ሆፍዚንዘር አጭር የሕይወት ታሪክ)

ካርታ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቁማር ነው። ተበውዞ፣ ተከፋፍሎ፣ መጨረሻው ጠብ! በዚህ ጽሑፋችን ግን ካርታን ሰው ለማስደነቅና ለማዝናናት የተጠቀመበትን የአንድ የቪየና ሰው ታሪክ እናቀርባለን። ስሙ ዮሐን ኔፖሙክ ሆፍዚንዘር ይባላል። የካርታ ምትሃት የሚማሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ስሙን ያነሣሉ። እኛ መምህር ለመሆን የምንሠለጥነው ደግሞ ከሕይወቱ የምናገኘው ሌላም ቁም ነገር አለ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆፍዚንዘር የተወለደው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ጁን 19 ቀን 1806 ነው። መተዳደሪያው የመንግሥት ሥራ ነበር፤ በገንዘብ ሚኒስቴር ያገለግል ነበር። ቀን የቢሮ፣ ማታ የካርታ ሰው ነበር ብንል አንሳሳትም። በ1850ዎቹ ዓመታት በቪየና መኖሪያው ውስጥ ለጥቂት ተመልካቾች ትርዒት ማሳየት ጀመረ። ትርዒቱ በኛ ቋንቋ አንዲት የማታለያ ሰዓት እንደ ማለት ያለ ስም ነበረው፤ የሚቀርበውም በባለቤቱ በዊልሄልሚነ ስም ነበር። ትልቅ መድረክ፣ ትልቅ መሣሪያ አላስፈለገውም። ተመልካቹ ቅርቡ ተቀምጦ እጁን እያየ ነው የሚደነቀው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ ስሙን ያስጠራው የአራቱ አሶች ጨዋታ ነው። አስ መቼም አንድ ምልክት ብቻ ያለበት ካርታ ነው፤ ከአራቱ ዓይነት አንድ አንድ፣ በጠቅላላው አራት ናቸው። ጨዋታው እንዲህ ነው። ከተመልካቾች አንዱ ደስ ያለውን ካርታ ይመዛል፤ የልብ ሰባት ነው እንበል። አይቶ ይመልሰዋል፤ ካርታው ይበወዛል። ከዚያ አራቱ አሶች ፊታቸው ወደ ታች ተደርጎ ይያዛሉ። ሲዘረጉ ከአራቱ መካከል የልቡ አስ ብቻ ተገልብጦ ይገኛል። የተመዘዘው ካርታ ልብ መሆኑን ማንም አልተናገረም እኮ! በዚህ ሲገረሙ ደግሞ ያው የልብ አስ ይጠፋና በቦታው ተመልካቹ የመዘዘው የልብ ሰባት ቁጭ ብሎ ይገኛል። ምትሃተኞች ይህን የሆፍዚንዘር የአስ እንቆቅልሽ ይሉታል። ከሱ በኋላ የመጡትም እየተቀባበሉ፣ የየራሳቸውን መፍቻ ሲፈልጉለት ኖረዋል።

ታዲያ ይህን ለመሥራት አስማት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ልምምድ ነው። በሱ ስም ከሚጠሩት የእጅ ዘዴዎች አንዱን ብንጠቅስ፣ ካርታዎቹን በሁለት እጅ መካከል እየዘረጉ የሚፈለገውን ካርታ ከሌሎቹ ሥር ሳይታይ መሳብ ነው። ለጨዋታው ብለው የተሠሩ፣ በሁለቱም በኩል ፊት ያላቸው ካርታዎችም ነበሩት። ነገር ግን እጅ ብቻውን ቢፈጥን ምን ዋጋ አለው? የጨዋታው ውበት ተመልካቹ ራሱ ተካፋይ መሆኑ ላይ ነው። ካርታውን የሚመርጠው እሱ ነው፤ በልቡ የሚይዘውም እሱ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻውን ለማወቅ ይጓጓል። እኛም ክፍል ውስጥ ተማሪውን ዝም ብሎ አዳማጭ ካደረግነው እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አንድ ነገር እንዲመርጥና እንዲገምት ካደረግነው ግን መልሱን ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል።

ሆፍዚንዘር ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጣ በኋላ በሌሎች ከተሞችም እየተዘዋወረ ትርዒቱን አሳየ። ማርች 11 ቀን 1875 በተወለደባት ከተማ በቪየና አረፈ። የሚያሳዝነው ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከመሞቱ በፊት ጽሑፎቹና መሣሪያዎቹ እንዲጠፉ ለባለቤቱ አደራ ብሎ ነበር፤ እሷም የባሏን ቃል ፈጸመች ይባላል። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም እንዲሁ ሊቀር ሆነ።

ደግነቱ ሆፍዚንዘር በሕይወቱ ሳለ ያስተማራቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ኦቶካር ፊሸር የተባለ ሌላ የቪየና ምትሃተኛ፣ ሆፍዚንዘር ሲሞት ገና ሕፃን የነበረ፣ አድጎ እነዚያን ተማሪዎች ፈለገ። ከነሱም አንዱ ጌኦርግ ሆይቤክ ነበር። ያስታወሱትን እየጠየቀና እያሰባሰበ በ1910 በጀርመንኛ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1931 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። ዛሬ አራቱን አሶች የሚለማመድ ወጣት ከሆፍዚንዘር የሚማረው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ የሥራ ጓደኞቻችን፣ ነገሩን ልብ እንበለው። ምትሃተኛ ምሥጢሩን ከተመልካች መደበቁ የሙያው ግዴታ ነው፤ ከተማሪ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆፍዚንዘርን ከመረሳት ያዳኑት ያስተማራቸው ሰዎች ናቸው። ለማስተማር ልምምድ ወጥተን የሠራልንን ዘዴ፣ ያዘጋጀነውን የትምህርት መርጃ፣ በየሣጥናችን ቆልፈን ከምናስቀምጠው ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች እናካፍል። እኛ ከዚህ ስንሄድ እነሱ ይሠሩበታል።