ሳይቆፍር ከርሰ ምድርን ያነበበው ኮንራድ ሽሉምበርገር

በቤይሩት ሠርታ የኖረች ኢትዮጵያዊት ይህን ታውቃለች፤ በብዙ ሰፈሮች የቧንቧው ውሃ ለወለልና ለዕቃ እንጂ ለቡና አይሆንም። የአገሬው ሰው ማልሃ ይለዋል፤ ጨዋማ ማለት ነው። የሚጠጣው ውሃ በጋሎን ተገዝቶ ፎቅ ለፎቅ ይወጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ቦቴ ይጠራል።

ጨው ከየት መጣ? ቤይሩት ዋናውን ውሃዋን የምታገኘው ከጄይታ ምንጭ ሲሆን፣ በድባይዬ ተጣርቶ ወደ ከተማዋ ይገባል። በበጋ ወራት ግን አይበቃም። በዚህ ምክንያት በተለይ በ1975 ከተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ በየሕንፃው ሥር ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ብዙውም ያለ ፈቃድ።

በባሕር ዳርቻ ጣፋጩ የከርሰ ምድር ውሃ ቀለል ስለሚል ከጨዋማው በላይ ይተኛል። በስሌት ሲታይ የጣፋጩ ውሃ ወለል 1 ሜትር ዝቅ ሲል፣ ከሥር ያለው ጨዋማ ውሃ 40 ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ያለ ልክ በተሳበ ቁጥር ባሕሩ ወደ ጉድጓዱ ይገባል።

ይህን ዓይን አያየውም፤ ኤሌክትሪክ ግን ይለየዋል። መንገዱን ካበጁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርገር ነው።

ኮንራድ በፈረንጆቹ 1878 በአልሳስ ግዛት፣ ጌብቪለር በምትባል ከተማ ተወለደ። አካባቢው ያኔ በጀርመን እጅ ነበር። በፓሪስ ተምሮ የማዕድን መሐንዲስ ሆነ፤ ቆይቶም በማዕድን ትምህርት ቤቱ ፊዚክስ አስተማረ።

ሀሳቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ዓለትና አፈር ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን ይለያያል፤ ባለሙያዎች ሪዚስቲቪቲ ይሉታል። ደረቅ የኖራ ድንጋይ ፍሰቱን አጥብቆ ይከለክላል፤ ጨው ያለበት ውሃ ግን በቀላሉ ያሳልፋል። ኮንራድ ይህን መጀመሪያ የሞከረው በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በሞላው አሸዋ ላይ ነው። በ1912 ወደ ሜዳ ወጥቶ በኖርማንዲ በሚገኘው የቤተሰቡ ርስት ላይ ለካ። በቀጣዩ ዓመት በሰርቢያ ቦር ማዕድኑ ራሱ የሚፈጥረውን ኤሌክትሪክ ተከትሎ የመዳብ ክምችት አገኘ።

አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። አራት የብረት ችካሎች በአንድ መስመር መሬት ላይ ይተከላሉ። በሁለቱ ውጫዊ ችካሎች ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ በሁለቱ ውስጣዊ ደግሞ ቮልቴጅ ይለካል። ውጫዊዎቹ በተራራቁ ቁጥር ፍሰቱ ይበልጥ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ይህ አደራደር እስካሁን በሽሉምበርገር ስም ይጠራል፤ በኢትዮጵያም የውሃ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ቦታ ለመምረጥ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋረጠው፤ ኮንራድም በመድፈኛነት ዘመተ። በ1919 አባቱ ፖል ለእሱና ለወንድሙ ማርሴል 500 ሺህ ፍራንክ ለመስጠት ተስማማ። ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው፤ ሳይንሱ ከትርፉ መቅደም አለበት።

ትርፉም ቶሎ አልመጣም። በ1923 በሩማንያ የተቀበረ የጨው ጉብታ በልኬት ተለየ። በ1926 ወንድማማቾቹ ኩባንያ አቋቋሙ። በመስከረም 1927 የኮንራድ አማች አንሪ ዶል ከባልደረቦቹ ጋር በአልሳስ ፔሸልብሮን የመለኪያ ገመድ ወደ ነዳጅ ጉድጓድ አውርዶ፣ የግድግዳውን ዓለት ለካ። የነዳጅ ኩባንያዎች የፈለጉት ይህን ነበርና ስሙ በዓለም ናኘ። ኮንራድ ግን ብዙውን አላየም። በ1936 ከሶቪየት ኅብረት ሲመለስ ስቶክሆልም ላይ አረፈ።

ዘዴው ገደብ አለው። ሸክላ አፈርም እንደ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ፣ ሁለቱ በልኬት ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ውጤቱ ከጉድጓድ ናሙና ጋር መመሳከር አለበት። በቤይሩት መሃል ደግሞ ረጅም ገመድ የሚዘረጋበት ባዶ ቦታ የለም፤ የተቀበሩ ቧንቧዎችም ልኬቱን ያዛባሉ። እንደ ደሙር የሙዝ እርሻዎች ባሉ ከከተማው ወጣ ባሉ ሜዳዎች ግን ገመድ ለመዘርጋት ይመቻል።

የኮንራድ ችካሎች ባሕሩ የት እንደደረሰ ሊነግሩን ይችላሉ። ፓምፑን ግን አያጠፉም። ያ የሕንፃው ባለቤትና የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ እስከዚያው ጋሎኑን ፎቅ የምታወጣው ግን ሌላ ሰው ናት።