ክንድ እንዴት ይዞራል? የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሕይወት

ቀኝ ክርናችሁን አጥፉና ከጎናችሁ ጋር አጣብቁት። አሁን መዳፋችሁን ወደ ሰማይ፣ ከዚያም ወደ መሬት አዙሩ። ክርኑ ከቦታው ሳይነሣ እጃችሁ ዞረ። ይህ እንዴት እንደሚሆን አጥንትና ጡንቻውን ለይቶ በሥዕል ያሳየ ሰው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይባላል። ስሙን የምታውቁት ምናልባት ሞና ሊዛ በተባለችው ሥዕሉ ይሆናል።

ሊዮናርዶ በ1452 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጣሊያን አገር፣ ቪንቺ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ውል ጸሐፊ ነበሩ፤ እናቱን ካተሪናን ግን አላገቧትም። በዚያ ዘመን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የአባቱን ሙያ መያዝ አይፈቀድለትም ነበር። የላቲን ትምህርት ቤትም አልገባም። ስለዚህ በፍሎረንስ ከተማ ቬሮክዮ ከተባለ ሠዓሊና ቀራፂ ዘንድ ገብቶ ሥራ ተማረ። የሊቃውንቱ መጻሕፍት በላቲን ስለነበሩ፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ቃላቱን በደብተር እየዘረዘረ ራሱን ማስተማር ጀመረ። ግራኝ ነበርና የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

በሚላን ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ሠርቶ፣ በ1499 የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ለቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኑሮው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መዘዋወር ሆነ።

ስለ ክንድ በሰፊው ያጠናው ወደ ሚላን ከተመለሰ በኋላ፣ በ1510 እና በ1511 መካከል ባሉት የብርድ ወራት ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን አስከሬን የሚመረመረው በብርድ ነበር። የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ወጣቱ ሐኪም ማርካንቶኒዮ ዴላ ቶሬም አብሮት ሠርቷል።

ያየው ምን ነበር? ከክርን እስከ እጅ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉ። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ከክርን ጋር እንደ ማጠፊያ ተያይዞ ብዙም አይዞርም። በአውራ ጣት በኩል ያለው ግን በሌላው ላይ ይንከባለላል። መዳፍ ወደ ሰማይ ሲያይ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ወደ መሬት ሲዞር ይጠላለፋሉ። በዚህም የተነሣ መዳፍ ወደ መሬት ሲያይ ክንዳችን በጥቂቱ እንደሚያጥር ሊዮናርዶ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ የሚል ዓይን ጥቂት ሰው ብቻ አለው!

ከላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ክርንን እንደሚያጥፍ ሁሉም ያውቃል። ሊዮናርዶ ግን ያ ጡንቻ መዳፍንም ወደ ላይ እንደሚያዞር አሳየ። ጅማቱ የሚያያዘው በሚንከባለለው አጥንት ላይ ነው። መዳፍ ወደ መሬት ሲሆን፣ ጅማቱ በእንዝርት ላይ እንዳለ ክር በአጥንቱ ይጠመጠማል፤ ጡንቻው ሲስበው አጥንቱ ይዞራል። ወላጆችም አብራችሁ ሞክሩ፦ በቀኝ እጃችሁ የጄሪካን ክዳን አጥብቃችሁ ስትዘጉ፣ በግራ እጃችሁ ያንን ጡንቻ ዳስሱት። ሲጠነክር ይሰማችኋል።

ማርካንቶኒዮ በ1511 በወረርሽኝ ሞተ። የታሰበው የሰውነት መጽሐፍም ሳይታተም ቀረ። ሊዮናርዶ በ1516 ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ በ1519 በአምቧዝ አረፈ። ወረቀቶቹን ለተማሪው ፍራንቼስኮ ሜልዚ ተወለት፤ ሜልዚ ሲሞት ግን ተበታተኑ። የሰውነት ሥዕሎቹ በብዛት መታተም የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ክንዱን የሣለባቸው ወረቀቶች ዛሬ በእንግሊዝ፣ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ይገኛሉ።