ሐኪም ወርቅነህና የእኛ ተራ



የመጽሔቱ አዘጋጆች ከየሙያችን ካለፉት ሰዎች የአንዱን ታሪክ እንድንጽፍ ሲጠይቁን ብዙ አላመነታሁም፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱን መረጥኩ። ባሌ ተወልደው ወይም ጎባ ሆስፒታል ሠርተው አይደለም። ጎባ ዋርድ ውስጥ ከተማሪዎቻችን ጋር ስዞር፣ በተለይ ከሩቅ ወረዳ ከመጡት ጋር፣ ደጋግመው ወደ ሐሳቤ የሚመጡት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ስማቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው ብለን ለፈተናም ለጥያቄና መልስም አጥንተነዋል። እንዴት ሐኪም ሊሆኑ እንደቻሉ ግን ጠይቀን እናውቃለን?

ወርቅነህ ጎንደር ተወለዱ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ገና ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃን ነበሩ። በዚያ ትርምስ መሀል ከቤተሰባቸው ተለዩ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ጦር ኮሎኔል ሕፃኑን ይዞ ወደ ሕንድ ሄደ። እሱ ሲሞት ደግሞ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የማሳደጉንና የማስተማሩን ወጪ ተረከበ። ልጁም ከሁለቱ መኮንኖች ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለው ስም ጠፋ፤ አማርኛውም ጠፋ።

ሕንድ ውስጥ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው በላሆር ከተማ የሕክምና ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። በዚያ ሳይወሰኑ ስኮትላንድ ሄደው ተጨማሪ የሕክምና ብቃት ማረጋገጫ አገኙ፤ ቀጥሎም በርማ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሐኪም ሆነው አገለገሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጁ ጎበዝ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን መቅደላ ላይ የተበተነው ልጅ እሱ ብቻ ነበር እንዴ? እኩል አእምሮ ያላቸው ስንቶቹ እዚያው ቀሩ? እሱን ላሆር ያደረሰው አንድ ሰው ክፍያውን ስለከፈለለት፣ ያ ሰው ሲሞት ደግሞ ሌላው ስለተተካ ነው። ሁለተኛው ሰው ባይገኝ ኖሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የምንለው ሌላ ሰው ይሆን ነበር። የከፈለው ዋጋም ቀላል አልነበረም፤ እናቱን፣ ስሙን፣ ቋንቋውን ነው ያጣው። ስለዚህ ታሪኩን እንደ መልካም ዕድል ብቻ ማውራት ለእኔ ይከብደኛል። ዕድልም ነው፣ ቁስልም ነው።

ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ የሠላሳዎቹን ዕድሜ አጋማሽ ያቋረጡት ዶክተር ማርቲን በራሳቸው ገንዘብ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ በነፃ ያክሙ ጀመር። የአገራቸውን ልጅ የሚያክሙት በአስተርጓሚ ነበር። ወሬው ሲሰማ አያታቸው መጥተው ከልጅነት ጠባሳቸው ለዩአቸው። ሠላሳ ዓመት ጠፍቶ የኖረው ልጅ ከወገኑ ጋር ተገናኘ፤ ወርቅነህ የሚለውም ስም ተመለሰ። አማርኛን ከሀ ጀምረው ተማሩ። ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል።

ኑሯቸው ግን ወዲያው አልተስተካከለም። የሚተዳደሩት በእንግሊዝ መንግሥት ደመወዝ ስለነበር ለብዙ ዓመታት በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆዩ። ጠቅልለው የመጡት ጡረታ ሲወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ከመካከላችን ውጭ አገር የምትኖሩ፣ ልግባ አልግባ እያላችሁ ዓመት የምትቆጥሩ፣ ይህን የእሳቸውን ምልልስ ከማንም በላይ የምትረዱት ይመስለኛል።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፤ እሳቸው ግን ዋናውን ሥራቸውን የጀመሩት ያኔ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖርም ደከሙ። ይህን ሁለተኛውን ሥራቸውን ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የመኳንንት ልጅ ነበር። ወገን አልባ ሆኖ ባዕድ እጅ ላይ ያደገው ሰው፣ ማንም የማያስበውን ልጅ አሰበ።

እ.ኤ.አ. በ1927 በጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ። እግረ መንገዳቸውን ኒውዮርክ ሃርለም ሄደው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። አገር ውስጥ የሚያስተምር ሰው ከሌለ ካለበት ይምጣ ማለታቸው ነው። በኋላም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ሠሩ፤ አውራጃውም ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ታስቦ የሚተዳደር ነበር። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በሰባ ዓመታቸው ገደማ ባደጉበት መንግሥት ፊት ለተወለዱበት አገር ሲከራከሩ ዋሉ።

ልጆቻቸውን ዮሴፍንና ቢንያምን እንግሊዝ አገር ምህንድስና አስተምረዋቸው ነበር። ልጆቹ በጥቁር አንበሳ ሠራዊት ውስጥ ሆነው ከተዋጉ በኋላ ተማረኩ፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ፋሺስቶች ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር ገደሏቸው። አባት ለንደን ሆነው ነው የሰሙት። ያኔ የጠፋው የሁለት ወንድማማቾች ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ለአገሪቱ ገና በጣት የሚቆጠሩት መሐንዲሶችና ምሁራን ናቸው ያለቁት።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሰማንያ ሰባት ዓመት ገደማ ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ በአገራቸው አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አላዩም። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ1947 ዓ.ም. ነው፤ የተከፈተውም እሳቸው በተወለዱባት በጎንደር። ሕፃኑ ወርቅነህ ሕክምና ለመማር ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ዛሬ የጎንደር ልጅ ከሰፈሩ ተነስቶ ይማራል። የጎባም ልጅ እንደዚሁ።

ታዲያ የዛሬ ልጆቻችን ምን ይጎድላቸዋል? በሩ አለ እኮ። መንግሥት ለሴቶችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ላይ ድጋፍ ያደርጋል። ችግሩ ከገቡ በኋላ ነው። ከደሎ መና የተነሳ ልጅ የሐረናን ጫካ አልፎ፣ ሰነቴን በብርዱ አቋርጦ ጎባ ይወርዳል። ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ሲያስብ ያደገ ነው፤ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ጎበዝ ነው፣ ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ሬዚደንሲ እንዴት እንደሚመለከቱ፣ የምርምር ሐሳብ ለማን እንደሚያሳዩ፣ ሲቪ እንዴት እንደሚጽፉ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ማንን እንደሚጠይቁ አያውቅም። የከተማ ልጅ ይህን ሁሉ ከአጎቱ ወይም ከታላቅ እህቱ ቤት ቡና ላይ ነው የሚሰማው። ያልሰማ ሰው ሰነፍ ይመስላል። ዋርድ ላይ ዝም የምትለዋን ልጅ ስንቴ ሰነፍ ብለናታል? እኔ ብያለሁ፤ አፍሬበታለሁም።

የራሴን ልጨምር። እኔ ሕክምና የገባሁት በነርስነት ለዓመታት ከሠራሁ በኋላ ነው። ምዝገባው መከፈቱን እንኳ አላወቅኩም ነበር። አንዲት ታላቄ የሆነች ሲስተር ማስታወቂያውን ቦርድ ላይ አይታ የመዝጊያውን ቀን በእጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ። ለምዝገባ የሄድኩ ቀንም ዲዩቲዬን ሸፈነችልኝ። ትምህርቱን የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሌሊቱን የተነሳሁት እኔ ነኝ። እሷ ባትኖር ግን ዛሬ ይህን ጽሑፍ ዶክተር ብዬ አልፈርምም ነበር። የእኔ ኮሎኔል እሷ ናት፤ ልዩነቱ እሷ ስሜንም ቋንቋዬንም አልወሰደችብኝም።

ልመናዬም ይኸው ነው። እኛ ተመራቂዎች ለልጆቹ ያንን ሁለተኛ ሰው እንሁንላቸው፤ ከቤታቸውና ከቋንቋቸው ሳንነጥላቸው። እያንዳንዳችን አንድ ተማሪ እንያዝ፤ ከአንድ በላይ አያስፈልግም። በወር አንድ ጊዜ ስልክ መደወል፣ ማመልከቻውን አይቶ ማረም፣ ፈተናው የሚከፈትበትን ቀን መናገር በቂ ነው። አፋን ኦሮሞ የምንችል ደግሞ ከባዱን ነገር መጀመሪያ በሚገባቸው ቋንቋ እናስረዳቸው፤ እንግሊዝኛው ይከተላል። ክረምት ላይ ወደየቤታችን ስንገባ ዲንሾም ሆነ ጎሮ፣ ጊኒርም ሆነ ደሎ መና በተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎራ ብለን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ተምሮ ምን እንደሚኮን እንንገራቸው። መምህራኖቻችን ደግሞ በምርምር ሥራችሁ ላይ አንድ ከሩቅ የመጣ ተማሪ ጨምሩ። ዳታ መሰብሰብ የለመደ ልጅ ነገ የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል።

ሐኪም ወርቅነህ የተማሩት በአጋጣሚ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ደግሞ ሌላው ልጅ በአጋጣሚ እንዳይማር ሲደክሙ ነው። የእሳቸው ትውልድ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እኛ አዳራሽ እንሞላለን።

ሮቤ በምንገናኝበት ቀን በአዳራሹ መግቢያ ላይ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። በአንድ ገጽ የእናንተ ስም፣ ሙያና ስልክ፣ በሌላው ገጽ አንድ ተማሪ። ከሻይ በፊት እለፉብኝ።

ያገናኘን፣ አሜን።