ኦሊቨር ሄቪሳይድ

ኦሊቨር ሄቪሳይድ (ሜይ 18 ቀን 1850 – ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1925 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ አገር የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሊቅና የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። የኤሌክትሪክ ሲግናል በረጅም ሽቦ ውስጥ እንደ ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝና የሽቦው ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መሐንዲሶች እስከ ዛሬ በሚጠቀሙበት መልኩ ያስረዳ እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ከ24 ዓመቱ በኋላም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አልያዘም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ሄቪሳይድ በለንደን ከተማ ካምደን ታውን በተባለው ሰፈር ተወለደ። ከአራት ወንድማማቾች የመጨረሻው ነበር። አባቱ ቶማስ ለኅትመት የሚሆኑ ሥዕሎችን በእንጨት ላይ እየቀረጸ ይተዳደር ነበር፤ የቤተሰቡም ኑሮ ዝቅተኛ ነበር። ኦሊቨር በልጅነቱ ስካርሌት ፊቨር በተባለ የትኩሳት በሽታ ተይዞ ጆሮው ስለ ተጎዳ ከእኩዮቹ ጋር መግባባት ይቸግረው ነበር። በትምህርቱ ጎበዝ ቢሆንም በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት ለቀቀ። ከፍተኛውን ሒሳብና ፊዚክስ የተማረው ብቻውን ከመጻሕፍት ነው።

የአክስቱ ባል ቻርልስ ዊትስተን በእንግሊዝ አገር ቴሌግራፍን ከፈለሰፉት ሰዎች አንዱ ነበር። የቤተሰቡ ልጆች ወደ ቴሌግራፍ ሙያ የገቡት በእሱ በኩል ነው።

የቴሌግራፍ ሠራተኛ

በ1868 ሄቪሳይድ ከእንግሊዝ ወደ ዴንማርክ በባሕር ሥር በተዘረጋው ኬብል ላይ ለመሥራት ወደ ዴንማርክ ሄደ። በኋላ ወደ ኒውካስል ተመልሶ በ1871 ዋና ኦፕሬተር ሆነ። በ1873 የዊትስተን ብሪጅ የተባለውን የመለኪያ መሣሪያ በተሻለ መንገድ ስለማዘጋጀት ያሳተመው ጽሑፍ የታላቁን የፊዚክስ ሊቅ የጄምስ ክላርክ ማክስዌልን ትኩረት ሳበ። ማክስዌል ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ሄቪሳይድ መጽሐፉን ሲያገኝ ሒሳቡ ከዕውቀቱ በላይ ስለ ነበር፣ እስኪገባው ድረስ ሊያጠናው ቆረጠ። በ1874 ሥራውን ትቶ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላም ተቀጥሮ አልሠራም።

ሞገድ በሽቦ ውስጥ

በዚያ ዘመን መሐንዲሶችን ያስቸገረው ነገር በረጅም ኬብል የተላከ ሲግናል እየተንዛዛና እየደበዘዘ መድረሱ ነበር። ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን) በ1855 ባወጣው ትንታኔ፣ ኤሌክትሪክ በኬብል ውስጥ የሚስፋፋው ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ በሚስፋፋበት መንገድ ነው ብሎ ነበር። ስሌቱ የሽቦውን ሬዚስታንስና ካፓሲታንስ ብቻ የያዘ ነበር። ሄቪሳይድ ከ1876 ጀምሮ ባሳተማቸው ጽሑፎች ኢንዳክታንስን ጨመረ፤ በኋላም በመሸፈኛው በኩል የሚያመልጠውን ጅረት አካተተ። አራቱ ሲጣመሩ ሲግናሉ እንደ ሙቀት የሚስፋፋ ሳይሆን እንደ ሞገድ የሚጓዝ መሆኑ ታየ። እነዚህ ስሌቶች ዛሬ የቴሌግራፍ እኩልዮሾች ተብለው ይጠራሉ። በ1880 ደግሞ የአንዱ ሽቦ ሲግናል ወደ ሌላው እንዳይገባ፣ አንዱ አስተላላፊ በሌላው ውስጥ የሚያልፍበትን ኮአክሲያል ኬብል በስሙ አስመዘገበ።

ሞገድ ከሆነ የመንገዱ መጨረሻም ትርጉም አለው። ገደል ላይ ያረፈ ድምፅ ተመልሶ የገደል ማሚቶ እንደሚሆን ሁሉ፣ በሽቦ የሚሄድ ሞገድም ጫፉ ክፍት ከሆነ ወይም በማይስማማ ነገር ከተዘጋ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሄቪሳይድ ከሽቦው ኢንዳክታንስና ከሞገዱ ፍጥነት ብዜት ጋር እኩል የሆነ ሬዚስተር ጫፉ ላይ ቢደረግ፣ የሚደርሰው ሞገድ ሁሉ እዚያው ተውጦ እንደሚቀር አሳየ። ይህ መጠን የኬብሉ የራሱ ኢምፒዳንስ ነው። ኢምፒዳንስ የሚለውን ቃል ያወጣው በ1886 ራሱ ሄቪሳይድ ነው፤ ኢንዳክታንስና ኮንዳክታንስ የተባሉትም ስሞች ከእሱ የመጡ ናቸው።

በ1884 እና በ1885 የማክስዌልን ትምህርት እንደገና አዋቀረ። ማክስዌል በ20 እኩልዮሾች ያቀረበውን ሄቪሳይድ በቬክተር አጻጻፍ ወደ አራት አሳጠረው። የዛሬ ተማሪዎች የማክስዌል እኩልዮሾች ብለው የሚያጠኑት ይህንን የሄቪሳይድን አጻጻፍ ነው።

ከዊልያም ፕሪስ ጋር የተነሣው ጠብ

በ1887 ሄቪሳይድ ሲግናል ቅርፁን ሳይለውጥ ረጅም ርቀት የሚጓዝበትን ሁኔታ አገኘ። የሬዚስታንስና የኢንዳክታንስ ንጽጽር፣ ከመሸፈኛው ፍሳሽና ከካፓሲታንስ ንጽጽር ጋር እኩል ሲሆን ሲግናሉ ይደክማል እንጂ አይዛባም። በተግባር የዘመኑ የስልክ መስመሮች የጎደላቸው ኢንዳክታንስ ስለ ነበር፣ መፍትሔው ኢንዳክታንስ መጨመር ነበር።

በእንግሊዝ የስልክና የቴሌግራፍ ሥራ በፖስታ ቤት እጅ ሲሆን የኤሌክትሪክ ክፍሉ አለቃ ዊልያም ፕሪስ ነበር። ፕሪስ ኢንዳክታንስ ለስልክ ጎጂ ነው ብሎ በአደባባይ ያስተምር ነበር። የኦሊቨር ወንድም አርተር በፖስታ ቤት መሐንዲስ ስለ ነበር፣ ሁለቱ በአንድነት ያዘጋጁት ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የፕሪስ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ፕሪስ ከለከለ። በዚያው ዓመት የሄቪሳይድን ጽሑፎች በተከታታይ ያወጣ የነበረው የ«ኤሌክትሪሽያን» መጽሔት አዘጋጅ ከቦታው ተነሣ፤ ተከታታዩም ተቋረጠ። ሥልጣንም ማዕረግም የሌለው ሰው የመጻፊያ ቦታውን አጣ።

በ1888 ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትዝ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በሙከራ አረጋገጠ። በጃንዩዋሪ 1889 ሎርድ ኬልቪን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር የሄቪሳይድን ሥራ አመሰገነ። በ1891 ሄቪሳይድ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ሐሳቡን ወደ ገንዘብ የለወጡት ግን ሌሎች ናቸው። በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጆርጅ ካምቤልና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማይክል ፑፒን፣ በስልክ መስመር ላይ በየተወሰነ ርቀት ጥቅልል ሽቦ በማስገባት ኢንዳክታንስ የሚጨመርበትን ዘዴ ሠሩ። ፑፒን በ1900 የፈጠራ መብት አግኝቶ ከኩባንያው ብዙ ገንዘብ ተከፈለው። ሄቪሳይድ በዚህ ሐሳብ ላይ የፈጠራ መብት አላስመዘገበም ነበርና ምንም አላገኘም።

የሒሳብ ሥራውና የአየር ንብርብሩ

ሄቪሳይድ የካልኩለስን ስሌት እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ የሚያባዛበትና የሚያካፍልበት አቋራጭ ዘዴ ነበረው። መልሱ ትክክል ይወጣ ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልሰጠም። በዚህ ምክንያት ሮያል ሶሳይቲ በ1894 የጽሑፉን ሦስተኛ ክፍል ለማተም እምቢ አለ። ዘዴው ትክክል መሆኑን የሒሳብ ሊቃውንት ያስረዱት በኋላ ሲሆን፣ ዛሬ በላፕላስ ትራንስፎርም መልክ ይሰጣል።

በ1902 ለኢንሳይክሎፒድያ ብሪታኒካ በጻፈው ጽሑፍ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር በሰማይ ላይ ኖሮ የሬዲዮን ሞገድ በምድር ዙሪያ ሊመራ ይችላል አለ። በአሜሪካ አርተር ኬነሊም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ንብርብሩን ኤድዋርድ አፕልተን በ1924 በሙከራ አረጋገጠ።

የመጨረሻ ዘመኑ

ሄቪሳይድ ሚስት አላገባም። ከ1889 ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን አውራጃ ኖረ። ሮያል ሶሳይቲ በ1894 የገንዘብ እርዳታ ሲያቀርብለት ምጽዋት መስሎ ስለ ታየው አልተቀበለም። በ1896 ወዳጆቹ አማልደው መንግሥት በዓመት 120 ፓውንድ የጡረታ ክፍያ እንዲሰጠው አደረጉ። በ1922 የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የፋራዴይን ሜዳልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም ለእሱ ሰጠ። በ1925 ከመሰላል ወድቆ ከተጎዳ በኋላ በቶርኪ ከተማ ዐረፈ፤ በፔይንተንም ተቀበረ።

ሥራው በአናሎግ ቪዲዮ ውስጥ

የሄቪሳይድ የጫፍ ሬዚስተር ሕግ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የአናሎግ ቪዲዮ ነው። የቪዲዮ ኮአክሲያል ኬብል ኢምፒዳንስ 75 ኦም ነው። ላኪው መሣሪያ በውስጡ 2 ቮልት አመንጭቶ በ75 ኦም ሬዚስተር በኩል ይልካል፤ ተቀባዩም 75 ኦም ሬዚስተር ስላለው ቮልቴጁ እኩል ተካፍሎ 1 ቮልት ይደርሰዋል። የተቀባዩ ሬዚስተር ከጠፋ 2 ቮልት ይደርስና ምስሉ ከልክ በላይ ይነጣል። ሁለት ሬዚስተሮች በአንድ መስመር ላይ ከተገኙ ደግሞ ሲግናሉ ወደ 0.67 ቮልት ወርዶ ምስሉ ይጨልማል።

አንድ ኬብል ከሞኒተር ወደ ሞኒተር ሲቀጠል፣ ሬዚስተሩ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ሞኒተር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ከሌለ ሞገዱ ይመለሳል። ከጫፉ 30 ሜትር ቀድሞ ያለ ሞኒተር ዋናውን ሲግናል ካየ በኋላ፣ 60 ሜትር ተጉዞ የተመለሰውን ከ0.3 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ያያል። የአንድ ምስል መስመር 52 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ድርብ ምስሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ርቆ ይታያል።

ሬዚስተሩን ለማስገባትና ለማውጣት በብዙ ሞኒተሮች ጀርባ የእጅ ማብሪያ ይደረግ ነበር። ሄቪሳይድ ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ትራንዚስተር ይህን ሥራ በትንሽ የመቆጣጠሪያ ቮልቴጅ ለመሥራት አስችሏል። ትራንዚስተሩ ግን ፍጹም ማብሪያ አይደለም። ሲበራ የራሱ ሬዚስታንስ አለው፤ 5 ኦም ከሆነ አብሮት የሚገባው ሬዚስተር 70 ኦም መሆን አለበት። የቪዲዮ ሲግናል ከዜሮ በታችም ሊወርድ ስለሚችል፣ ጅረትን በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፍ ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር ይመረጣል። ሲጠፋም ትንሽ ካፓሲታንስ ይቀርለታል። 20 ፒኮ ፋራድ በ5 ሜጋ ኸርትዝ ላይ 1600 ኦም ያህል ስለሆነ ብዙም አይጎዳም፤ አሥር ሞኒተሮች ሲደመሩ ግን 160 ኦም ይሆንና የምስሉ ጥቃቅን ዝርዝር ይደበዝዛል። በዚህ ስሌት ውስጥ ያሉት ኢምፒዳንስ፣ የሚመለስ ሞገድና የኬብል ፍጥነት፣ የ«ኤሌክትሪሽያን» ተከታታይ ሲቋረጥ ሄቪሳይድ ሲጽፍባቸው የነበሩ ጉዳዮች ናቸው።

መታሰቢያ

የሬዲዮን ሞገድ የሚመልሰው የሰማይ ንብርብር የኬነሊና ሄቪሳይድ ንብርብር ተብሎ ይጠራል። ከዜሮ ወደ አንድ በአንድ ጊዜ የሚዘል የሒሳብ ፋንክሽንም በስሙ ተሰይሟል። በጨረቃና በማርስ ላይ በስሙ የሚጠሩ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ።