የሐረሩ አባ እንድርያስ፤ በሥራ የተፈተነ ጸሎት

ሐረር የጸሎት ከተማ ናት። 82 መስጊዶች እንዳሏት ይነገርላታል። በስተደቡብ የሚታየው ሐኪም ጋራም ስሙን ያገኘው በዚያ ካረፉት ሼህ ሐኪም ነው። በዚህች ከተማ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በጸሎትና በአገልግሎት ካሳለፉት አንዱ፣ ሕዝቡ አባ እንድርያስ የሚላቸው ፈረንሳዊው ጳጳስ አንድሬ ዣሮሶ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1858 የተወለዱት አባ እንድርያስ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ሲሆኑ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ አገር መጡ። በ1900 ጳጳስ ተብለው ሐረር ተቀመጡ። ማኅበራቸው የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ሥርዓት የሚከተል ነው። በ1226 ያረፈው ይህ የአሲሲ ቅዱስ በተመስጦ ጸሎቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ሕይወቱ የተለወጠው ይጸየፈው የነበረውን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በቀረበ ጊዜ ነው። ካፑቺኖችም በየቀኑ በጸጥታ የሚጸልዩበት ሰዓት አላቸው።

ይህ ትምህርት ሐረር ላይ በተግባር ታየ። ሚሲዮኑ ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋመ። ከዘመድና ከመንደር የተገለለ ሕመምተኛ የሚያጥብ፣ ቁስሉን የሚያስር ሰው አገኘ። ከጸሎት ቤት የወጣ መነኩሴ በቀጥታ የሚሄደው ወደዚያ ነበር።

ራስ መኮንን ልጃቸው ተፈሪ ፈረንሳይኛ እንዲማር በፈለጉ ጊዜ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ አባ እንድርያስ ነው። እሳቸውም ኢትዮጵያዊውን ካህን አባ ሳሙኤልን መምህር አድርገው ሰጡ። በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲሰምጥ ተፈሪ ሲተርፉ አባ ሳሙኤል ግን ሞቱ። ተማሪው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ጳጳሱ ግን ቤተ መንግሥት አልገቡም፤ እዚያው ሐረር ቆዩ። ከ1930ው የንግሥ በዓል በኋላ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ስለ ገጣሚው ራምቦ ሊጠይቃቸው ሲመጣም ያገኛቸው እዚያው ነው።

በ1936 ጣሊያን ሐረርን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ በቦታቸው ጣሊያናዊ ጳጳስ ተሾመ፤ ሽማግሌው መነኩሴም ዕድሜያቸውን የሰጡትን አገር ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዙፋናቸው በተመለሱበት በዚያው በ1941 ፈረንሳይ ውስጥ አረፉ። ሐረርን ዳግመኛ አላዩም።

ዛሬ ብዙዎቻችን ጸሎትን የምንመዝነው ባገኘነው መልስ ነው፤ ሥራው ከተቃና፣ ቪዛው ከመጣ፣ ሕመሙ ከለቀቀ ጸሎታችን ተሰማ እንላለን። በዚህ ሚዛን ከተለካ፣ ስንት ዓመት የጸለዩት ጳጳስ መጨረሻቸው ስደት መሆኑ እንደ ኪሳራ ይቆጠር ነበር። የፍራንቸስኮስ መንገድ ግን ሌላ መለኪያ አለው፤ ከጸሎት የተነሣ ሰው ወደ ማን ሄደ? የሐረር ሕሙማን የዚህን መልስ ያውቁት ነበር።